የሚያስቅ ፊልም ይዛችሁ ኑ

ባሏ አልጋ ላይ ወድቆ እሷ ኮሜዲ ከፍታ ትንከተከት ነበር እያሉ ዳቦ ጋጋሪዋን እስከ ዛሬ የሚያሙ አሉ። አዎ፣ ትንከተከት ነበር። ድምፁንም መንገድ ድረስ ትለቀው ነበር። ፊልሙን ማን መረጠላት ብሎ የሚጠይቅ ካለ ደግሞ እኔ ነኝ። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የፊት ጥርሶቼ ወልቀዋል፤ የሰፈር ልጆች በሳቄ ምክንያት «ጡሩምባ» ይሉኛል። ቢሆንም በዚያ ቤት ሥልጣን ነበረኝ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ሥልጣን አግኝቼ አላውቅም፤ ባሌንም ልጆቼንም ጠይቁ።

ቤታቸውንና ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። እሷን እትዬ እላታለሁ። ሰው ሳይነቃ ወጥታ ዳቦ ቤት ትሄዳለች፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ቅንድቧ ላይ ዱቄት እንደያዘች ትመለሳለች። ባሏ የረጅም መንገድ ጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሰፈሩ «ተሳቢው» ይለው ነበር፤ አንድም መኪናው ባለ ተሳቢ ስለሆነ፣ አንድም ሲራመድ ሆዱ ቀድሞ ሄዶ ሌላው አካሉ ከኋላ የሚጎተት ስለሚመስል። እኔ ጋሼ ነው የምለው።

ያን ዓመት ጋሼ መኪናውን ለሌላ ሾፌር አስረክቦ ቤት ዋለ። ያ ሁሉ ሆድ ጠፋ። እናቴን ምን ሆኖ ነው ብላት «እረፍት ላይ ነው» አለችኝ። አመንኳት። እንዴት አላምን? አልጋውን ከመኝታ ቤት አውጥተው ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ ልክ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ዘርግተውለታል። ጋደም ብሎ ፊልም ማየት እረፍት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በዚያ ላይ አንድ ቀን ከሐኪም ቤት ሲመለሱ እትዬ በር ላይ ለእናቴ «ከእንግዲህ ያማረውን ሁሉ ስጡት ብሎናል» ስትላት በጆሮዬ ሰማሁ። እኔን ሐኪም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም፤ ለእኔ ሁልጊዜ መራራ ሽሮፕ ነው። ይሄ ሰውዬ በጣም ቢሻለው ነው ብዬ ቀናሁበት። እናቴ ግን የእትዬን እጅ ይዛ ቆመች።

ዛሬ ሐኪም «ያማረውን ስጡት» የሚለው መቼ እንደሆነ አውቃለሁ። ያኔ ያማረኝ እኔን ነበር።

ጠያቂ ይጎርፍ ጀመር። ሁሉም በፌስታል ብርቱካን ይዞ ይመጣል፤ ሁሉም ደግሞ አንድ ዓይነት ፊት ይዞ ይመጣል። ያን ፊት የት እንደሚለብሱት አይቻለሁ። ግቢው ውስጥ እየተሳሳቁ መጥተው ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ነው ፊታቸው ዝቅ፣ ድምፃቸው ስልል የሚለው። ገብተው ይቀመጡና ጋሼን ሳይሆን የለበሰውን ብርድ ልብስ ያያሉ። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ከንፈሯን መጠጠችና፣

«አይ የሰው ልጅ! ያ ሁሉ ሰውነት እንዲህ ይሁን?» አለች።

ጋሼ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። እትዬ ከወጥ ቤት ወጣች፤ የብርቱካኑን ፌስታል አንስታ ሴትዮዋ ጭን ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«እህቴ፣ ብርቱካን ሞልቶናል። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት መጠየቅ የፈለገ የሚያስቅ ፊልም ይዞ ይምጣ።»

«ምን ይዞ?»

«ፊልም፣ ካሴት። ዴክ አለን። የሚያስቅ ግን!»

«አንቺ፣ ጤናም የለሽ? ሰው አልጋ ላይ ወድቆ…»

«የወደቀው እሱ ነው፤ ሳቁ አልወደቀም። ለሌሎቹም ንገሪልኝ።»

ጋሼ ዓይኑን ከጣሪያው አወረደ። «ከንፈራቸውንም ቤታቸው መጠው ይምጡ» አለ። ቤት ከዋለ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቀልዱ ነበር።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ሰፈሩን አዳረሰ። ግማሹ ተቀይሞ ቀረ። ግማሹ ካሴት ይዞ መጣ፤ ያመጣው ካሴት ግን አይጣል ነው። ፀጉር አስተካካዩ ባመጣው ውስጥ ሰው ተገዳድሎ ተገዳድሎ፣ የሚገድል ሲጠፋ ፊልሙ አለቀ። አንዷ ጎረቤት ባመጣችው ውስጥ ሁለት ሰዎች ውኃ ዳር ቆመው ሲተያዩ አመሹ። እትዬ በዚህ አያያዝ አይሆንም፣ መራጭ ያስፈልገኛል አለች። የሰፈሩን ልጆች አሰለፈችንና ጣቷን እኔ ላይ ቀሰረች።

«አንቺ ጡሩምባ! ቅዳሜ ቅዳሜ ቪዲዮ ቤት ሄደሽ የምትመርጪው አንቺ ነሽ። ዕውቀት ያለው ሰው ነው የምፈልገው።»

ልቤ ቅቤ ጠጣ። አድጌ ሳላፍር ጠየቅኳት፤ «የምን ዕውቀት አይተሽብኝ ነው?» ብላት ሳቀች። «ምን ዕውቀት አለሽ አንቺ! ሳቅሽን ነው የፈለግኩት። አንቺ ስትስቂ እሱ መሳቁን ማስቆም አይችልም ነበር። መራጭ ካደረግኩሽ ደግሞ አትቀሪም።»

ያኔ ግን ሥራዬን አጥብቄ ያዝኩ። ሽፋኑ ላይ ያለው ጽሑፍ የውጭ አገር ነው፤ እኔ ሥዕሉን ነው የማየው። ባርኔጣው የተጣመመ ሰው ካለ ያስቃል። ውሻ ካለበት ያስቃል። አንድ ቀጭንና አንድ ወፍራም ጎን ለጎን ከቆሙ ዓይን ጨፍኖ መውሰድ ነው። ሩቅ አሻግሮ የሚያይ ሰው ካለ ግን እጄንም አላሳርፍበትም። ካሴት አከራዩ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ይነዘንዘኛል።

«ምን ልስጥሽ እመቤት? ይሄ አዲስ ነው፤ የወሰደው ሁሉ እያለቀሰ ነው የመለሰው።»

«ካለቀሱበት ለራስህ እየው።»

«ኧረ ምላስ! እናትሽ ታውቃለች?»

«ሥራ ላይ ነኝ፤ አታናግረኝ።»

ፊልሞቹ የሚናገሩትን ከመሃላችን ማንም አይሰማም። ግን ችግር የለም፤ ጋሼ አለ። ድንበር እየተሻገረ ስንት ዓመት የነዳ ሰው ነው፤ የማያውቀው ቋንቋ የለም። እኔ «ጋሼ፣ ምን አለ?» እላለሁ፤ እሱ ይተረጉማል። ፖሊሱ ጣቱን ሲቀስር «የኋላ ጎማህ ተንፍሷል አለው» ይላል። ልጅቷ ስታለቅስ «ናፍጣ ተወደደ እያለች ነው» ይላል። ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ሆኖ ሲቆጣ «ሚዛን ሳትመዘን ማን አሳለፈህ አለ» ይላል። የዓለም ፊልም ሁሉ ስለ ጎማ፣ ስለ ናፍጣና ስለ ትራፊክ መሆኑ ትንሽ ይገርመኝ ነበር። አንዲቷንም ቋንቋ እንደማያውቅ የገባኝ የራሴ ልጅ የትርጉም ጽሑፍ ያለበት ፊልም ስታሳየኝ ነው። እውነቱን ልናገር፣ የጋሼ ይሻላል።

ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት እትዬ ትልቅ ትራስ አምጥታ ሆዱ ላይ ታደርግለታለች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትራሱን በሁለት እጇ ትይዛለች። ሳቅ ሲመጣበት ይገረጣል፣ ያልበዋል፣ ትራሱን ይጨብጣል። እሷም ጆሮው ሥር «ሳቅ፣ እኔ ይዤሃለሁ፤ ሳቅ» ትለዋለች። የባልና ሚስት ጨዋታ ይመስለኝ ነበርና እኔም ቤት ገብቼ ትራስ አቅፌ ስቄያለሁ። መሳቅ እንደ ቢላ የሚቆርጠው ሰው እንዳለ፣ እያወቀም ቅዳሜን የሚናፍቅ ሰው እንዳለ በምን ልወቅ?

ይህን ሁሉ ያልወደደው አንድ ሰው የጋሼ ታላቅ ወንድም ነው። የመጋዘን ኃላፊ ነው፤ በበጋም በክረምትም ኮቱን አያወልቅም። እኔ በሆዴ ባለ ኮቱ እለዋለሁ። ሲመጣ መጀመሪያ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይቀንሳል፤ ሲሄድ እትዬ መልሳ ትጨምረዋለች። አንድ ቀን ካሴቱን ወደ መጀመሪያው እየመለስኩ ሳለ ወጥ ቤት ውስጥ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«እኔ ጋ ሰፊ ክፍል አለ። ፀጥታ አለ። አስታማሚም ቀጥሬያለሁ። በክብር ይሁን ነው የምለው።»

«እዚህ ምን ክብር ጎደለበት፣ ወንድም ጋሼ?»

«እዚህማ ሰርከስ ነው! መንገደኛ ቆሞ እያዳመጠ! አንዲት ፍሬ ልጅ እየሳቀችበት!»

«አልሳቀችበትም። አብራው ነው የምትስቀው።»

«ስሚ፣ ቀኑ ቀርቧል። አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። ሽማግሌ ይዤ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ እወስደዋለሁ።»

ነገሩ ወዲያው ተገለጠልኝ። ባለ ኮቱ ቤት ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን እንዳለ ሰምቻለሁ። ቴሌቪዥን አለ፣ ተርጓሚ የለም! ቀኑ የቀረበ አንድ ትልቅ ፊልም አለ ማለት ነው፤ ለዚያ ነው ጋሼን ሊወስድብን የፈለገው። እየሮጥኩ ወደ እትዬ ሄድኩ።

«ሊወስዱብን ነው?»

ዓይኗ ቀልቷል። «ማንም አይወስድብንም» አለች። «አንቺ ብቻ ለቅዳሜ ደህና ፊልም ምረጪ።»

ባለ ኮቱ ሌባ አልነበረም። ወላጆቻቸው በልጅነት ሲሞቱባቸው ጋሼን አዝሎ ያሳደገው እሱ እንደሆነ በኋላ ነው የሰማሁት። መጋዘን ውስጥ የኖረ ሰው ነው፤ ለሁሉም ነገር ቦታ አለው፤ ለሞትም ፀጥ ያለ ክፍል አዘጋጀለት። ይህን ዛሬ እረዳዋለሁ። ያኔ ብረዳውም ግን አልሰጠውም ነበር።

ቅዳሜ ቪዲዮ ቤት ገብቼ መደርደሪያውን አንድ በአንድ አመስኩት። አከራዩ እንኳ ነገሩ ከባድ መሆኑ ገብቶት አልነዘነዘኝም። በመጨረሻ አገኘሁ፦ ባርኔጣው የተጣመመ ሰውዬ፣ ፈገግ ያለ፣ እግሩ ሥር ውሻ! ሁለት ምልክት በአንድ ሽፋን ላይ። ደረቴ ላይ አቅፌው በረርኩ።

ደጃፉ ላይ የቤት መኪና ቆሟል፤ ኋላው ላይ ፍራሽ ተነጥፎበታል፤ ሾፌሩ ተደግፎ ይጠብቃል። ውስጥ ባለ ኮቱ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል። እትዬ ከዳቦ ቤት እንደመጣች ናት፤ ዱቄቷን እንኳ አላራገፈችም።

«እንግዲህ ልጄ፣» ብለው ጀመሩ አንደኛው ሽማግሌ፣ «የመጣንበት ጉዳይ…»

«አባቶቼ፣ ጉዳዩ ከፊልሙ በኋላ ይደርሳል። የቤቱ ደንብ ነው።»

«ፊልም?» አለ ባለ ኮቱ።

«ፊልም። ጡሩምባ፣ ክተቺው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ ሁለተኛው፣ እስካሁን ያልተናገሩት፣ ወንበራቸውን ቀስ አድርገው ቴሌቪዥኑ ወደሚታይበት ሳብ አደረጉ።

ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬ ብቅ አለ። ሄደ፣ መጣ፣ አሳለው። እንደገና አሳለው። ቆይ አሁን ያዳልጠዋል ብዬ ጠበቅኩ፤ አላዳለጠውም። ይልቅ አልጋ ላይ ወጥቶ ተኛ። ባርኔጣው ምስማር ላይ ተሰቀለ። ሚስቱ እጁን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ውሻው አልጋው ሥር ልክ እንደ ብርቱካን አምጪዎቹ ፊቱን ጥሎ ተጋደመ። ቫዮሊን ይነፋረቃል። ተርጓሚያችንን በገዛ እጄ አስወሰድኩት አልኩ።

«ይኸው!» አለ ባለ ኮቱ፤ ወደ ቴሌቪዥኑ እየጠቆመ። «ይሄ ነው እኮ የምለው! ይሄ ነው!»

እትዬ ልታጠፋው ዘላ ተነሳች።

«ተዪው!» አለ ጋሼ። እንደዚያ የጮኸ ከመኪናው ከወረደ ወዲህ አልሰማሁትም። «ተዪው፣ ልየው። የሙያ ባልደረባዬ ነው።»

ከትራሱ ቀና ብሎ ፊልሙን በጥሞና ተመለከተ፤ ሌላ ሾፌር መኪና ወደ ኋላ ሲያስገባ እንደሚያይ ዓይነት። ከዚያ ምላሱን ጠቅ አደረገ።

«ኧረ ይሄ ሰውዬ መሞት አይችልም! ፀጉሩን እዩልኝ፣ ተበጥሮ እኮ ነው የሚሞተው! አንሶላው ሲነጣ! ደግሞ ሳሉ፣ መሐረብ አውጥቶ፣ ሰው እንዳይረብሽ ተጠንቅቆ… እኔ ሳስል ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል!»

አንደኛው ሽማግሌ በአፍንጫቸው አንድ ነገር አመለጣቸውና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወሬውስ! ይሄን ሁሉ የሚያወራበት ትንፋሽ ከየት አመጣ? እኔ ውኃ ስጡኝ ለማለት ሁለት ጊዜ አርፋለሁ።»

በልማድ፣ ሳላስበው፣ «ጋሼ፣ ምን አለ?» አልኩ።

ጋሼ ወደ ወንድሙ ዞረ። ዓይኑን አስለመለመ፣ ድምፁን አሰለለ። «‹ውድ ባለቤቴ ሆይ፣ እኔ ስሞት ኮቴን ለወንድሜ እንዳትሰጪው። እሱ አንዱን ከለበሰ አያወልቅም› አለ።»

ከዚያ ጡሩምባው ተነፋ፤ አላስቻለኝም። ሁለተኛው ሽማግሌ ከወንበራቸው ሊወድቁ ሲሉ አንደኛው ያዟቸው፤ የያዟቸውም እየሳቁ ነው። እትዬ ትራሱን ጨብጣ ባሏ ላይ ተደፋች። ሰውዬው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ጨረሰ ሲባል አንገቱን ቀና ያደርግና ሌላ ንግግር ይጀምራል። በጀመረ ቁጥር ጋሼ «አሁንም አልሄደም! ማርሽ እምቢ ብሎታል! ገፋ አድርጉት!» እያለ ይጮኻል። እንባው በጉንጩ ይወርዳል፤ ላብ አጥምቆታል፤ ግን አላቆመም።

ባለ ኮቱ ብድግ አለ። ፊቱን ኮሌታው ውስጥ ቀብሮ ወጣ። በመስኮት አየሁት፤ ፍራሽ የተነጠፈበትን መኪና በአንድ እጁ ተደግፎ ትከሻው ይርገፈገፋል። ተርጓሚ ስላጣ ተናዶ ነው አልኩ። ሲስቅም ሲያለቅስም ትከሻ የሚሠራው አንድ ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ እኔ ዕድሜ ላይ መድረስ ያስፈልጋል።

አንደኛው ሽማግሌ ዓይናቸውን ጠራርገው፣ «እንግዲህ… ምን ነበር የመጣንበት?» አሉ።

«ልትወስዱኝ ነው የመጣችሁት» አለ ጋሼ፤ በጭንቅ እየተነፈሰ።

«ትሄዳለህ?»

«አልሄድም። ዕድሜዬን በሙሉ ሂድ ሲሉኝ የሄድኩ ሰው ነኝ። አሁን ቆሜያለሁ። እዚሁ ነው የምሞተው፤ ሚስቴ ይዛኝ፣ ይቺ ጡሩምባ እየተነፋች። ፀጥታውን በኋላ በሰፊው አገኘዋለሁ።»

«የምሞተው» ሲል ሰምቻለሁ። ሰውዬውን መተርጎሙን አላቆመም ብዬ ነው ያሰብኩት።

ያን ፊልም ከጥቂት ዓመት በፊት ቤቴ ቴሌቪዥን ላይ አገኘሁት። ባሌ፣ ልጆቼ፣ ሁሉም መሐረብ ይዘው ይነፋረቃሉ። እኔ ሰውዬው አንገቱን ቀና ባደረገ ቁጥር እፈነዳለሁ። ልጄ «እማ፣ በሰው ሞት ይሳቃል?» ብላ ተቆጣችኝ። «አዎ ይሳቃል» አልኳት። «የተፈቀደለት ሰው ይስቃል። እኔ ተፈቅዶልኛል።»

ያን ቅዳሜ መኪናዋ ፍራሿን እንደያዘች ተመለሰች። ጋሼ ከዚያ በኋላ ክረምቱን አጋመሰ፤ ሲያርፍ እዚያው መስኮቱ ሥር ነበር፤ ወንድሙም ራስጌው ተቀምጦ ነበር። እትዬን የሚያሙት ሰዎች ይህን አይናገሩትም።

የሽማግሌዎቹ ቀን ባለፈ በሳምንቱ ቅዳሜ፣ እኔ ካሴቴን አቅፌ ስመጣ ባለ ኮቱ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ኮቱ ውስጥ የሸሸገው ነገር አለ። እትዬ በሩን በግማሽ ከፍታ ይዛዋለች።

«ምን ፈለጉ፣ ወንድም ጋሼ?»

ከኮቱ ውስጥ ካሴት አወጣ። «ፊልም ነው» አለ፤ ወደ መሬት እያየ።

«የሚያስቅ ነው?»

«እኔ እንጃ። ባለ ሱቁ ጥሩ ነው ብሎኛል።»

ሽፋኑን አየሁት። ፊቱን በወንፊት ጨርቅ የሸፈነ ሰው፤ ባርኔጣው ደግሞ ቀጥ ያለ! «እትዬ፣ ይሄ አያስቅም!» አልኩ። ሥልጣኔ ሲነጠቅ ታየኝ።

«ዝም በይ አንቺ» አለችኝና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «ይግቡ።»

ፊልሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለ ንብ ማነብ ነበር። የሚያዳልጠው ሰው የለበት፣ ውሻ የለበት፤ ቀፎና ንብ፣ ንብና ቀፎ። ጋሼ ገና ሽፋኑን ሲያይ ሳቁ ጀመረው፤ እትዬ ትራሱን ለመያዝ ሮጠች። ባለ ኮቱ አልሳቀም። አልጋው ራስጌ ወንበር ስቦ፣ ጉልበቱን ገጥሞ፣ ፈተና እንደሚፈተን ተማሪ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ከንቦቹ መሃል አንዲት ረዘም ያለች ወጣች፤ ሌሎቹ ከበቧት። ባለ ኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ ከልቡ፣ ታናሽ ወንድሙን ጠየቀው።

«ምን አለች?»

ጋሼ ለመተንፈስ አረፍ አለ። «ንግሥቲቱ ናት» አለ። «‹ከዚህ ቀፎ የሚያወጣኝ ካለ ይምጣ!› አለች።»

ባለ ኮቱ ንቧን ረዘም ላለ ጊዜ አያት። ከዚያ ተነስቶ፣ ሁልጊዜ የሚቀንሰውን የቴሌቪዥኑን ድምፅ እሱ ራሱ ጨመረው።

«ተዉዋት እንግዲህ» አለ።